ከቀሐ የወጣችው የበዓል መቁጠሪያ

በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት በፈረንጆቹ ካላንደር የዋለው ጃንዋሪ 20፣ ቅዳሜ ቀን ነው። ለጎንደር ሰው ይህ ምንም ማለት አይደለም፤ ጥር 11 ያው ጥር 11 ነው። ታቦታቱ በዋዜማው ወርደው ከቀሐ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ በሚሞላው የፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ያድራሉ፤ በማግስቱ ውኃው ይባረካል፤ ሚካኤል ደግሞ በ12 ይገባል። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ግን ቀኑን የሚያውቀው ከድረ ገጽ ነው። ብዙ የጉዞ ገጾች ደግሞ «ጥምቀት፣ ጃንዋሪ 19» ብለው አንዴ ጽፈው በዚያው ትተውታል። ያንን አምኖ ለ19 ማታ የመመለሻ ትኬት የቆረጠ ሰው ከተራን አይቶ ጥምቀትን ሳያይ ይሄዳል።

ምክንያቱ ጳጉሜን ናት። በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ የሚጠባው በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ነው። ፈረንጆቹ የራሳቸውን ትርፍ ቀን ፌብሩዋሪ 29 ላይ እስኪጨምሩ ድረስ የእኛ ቀን ሁሉ በእነሱ ካላንደር ላይ በአንድ ቀን ተገፍቶ ይቆያል። ገና ግን አይገፋም። ቤተ ክርስቲያን በዘመነ ዮሐንስ ልደትን በታኅሣሥ 29 ሳይሆን በ28 ስለምታከብር፣ በእኛ ዘመን ገና ከጃንዋሪ 7 ንቅንቅ አይልም። እንግዳውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ ገናን በየዓመቱ በአንድ ቀን ሲውል ያየ ሰው ጥምቀትም እንደዚያው ይመስለዋል።

እኔና አንድ ወጣት ባልደረባዬ ቀሐ ሰፈር ውስጥ ለትናንሽ ሆቴሎችና ለአስጎብኚዎች ድረ ገጽ እንሠራለን። ጥምቀት በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረበት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደንበኞቻችን ክረምት ሳይወጣ የሚጠይቁን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዘንድሮ በፈረንጅ ስንት ላይ ይውላል?» መልሱን በስልክ ከመንገር አንዲት ትንሽ ሳጥን ሠርቶ ማደል ይሻላል አልን። ሳጥኗ የበዓሉን ስም፣ ቀኑን በሁለቱም ካላንደር፣ ስንት ቀን እንደቀረውም ታሳያለች። ባለ ሆቴሉ ጥቂት መስመር ኮድ ኮፒ አድርጎ ገጹ ላይ ይለጥፋል፣ በቃ። ዊጀት የሚሏት ይህችን ነው።

ሳጥኗ በወረቀት ላይ ተስላ ሳለ ነው ባልደረባዬ ጥያቄውን ያመጣው።

«ጋሼ፣ እንዲሁ በነጻ ልናድላት ነው?»

«ታዲያ ቀን ለመቁጠር ማን ይከፍላል?»

«አይከፍሉም። ግን ከሥሯ አንዲት ሊንክ እንክተትባት። ‹ምርጥ ሆቴል በጎንደር› የምትል፣ ወደ ደንበኞቻችን ገጽ የምትወስድ። መቶ ገጽ ላይ ብትለጠፍ መቶ ሊንክ ነው። ጉግል ላይ ማን ይስተካከለናል?»

ሐሳቡ እንዲሁ የመጣ አልነበረም። በጉግል ፍለጋ ወደ ላይ ከሚያወጡ ነገሮች አንዱ ሊንክ መሆኑን በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። በአማርኛም ሆነ ስለ ጎንደር በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ገጾች ጥቂት ስለሆኑ፣ አንዲት ሊንክ ማግኘት ለትንሽ ሆቴል ትልቅ ነገር ነው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። መንገዱ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ዓለም ሁሉ ለምን አይሄድበትም? ዊጀቷን ለጊዜው አቆየናትና ይህን መመርመር ጀመርን።

ነገሩ የሚጀምረው ከኢንተርኔት በፊት ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1955 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ የምርምር ጽሑፎችን በርዕስ ብቻ ከመደርደር ይልቅ ማን ማንን እንደጠቀሰ መመዝገብ። በ1964 የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫው ታትሞ ወጣ። ብዙዎች የጠቀሱት ጽሑፍ ክብደት እንዳለው በዚህ መለካት ተቻለ። ከ30 ዓመት በኋላ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ይህንኑ ሐሳብ ወደ ድረ ገጾች አመጡት። በ1998 ባሳተሙት ጽሑፍ ፔጅራንክ የሚሉትን ስሌት አስረዱ። ሊንክ ሁሉ እኩል አይደለም። ራሱ ብዙ ሊንክ ያገኘ ገጽ የሚሰጣት ሊንክ ትከብዳለች፤ ለብዙዎች የሚያድል ገጽ ደግሞ ክብደቱን ለሁሉም ያካፍላል። በዚያው ጽሑፍ ሌላም ነገር አለ፤ ሊንኳ የተጻፈችባቸው ቃላት የምትጠቁመውን ገጽ ይገልጻሉ ተብለው ይቆጠራሉ። የባልደረባዬ «ምርጥ ሆቴል በጎንደር» ጉልበት የምታገኘው ከዚህ ላይ ነው።

ሊንክ እንግዲህ ምስክርነት ነው። እዚሁ ጎንደር በ18ኛው ክፍለ ዘመን መሬት ሲሸጥ ውሉ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። ሻጭና ገዢ ይጠቀሳሉ፣ ዋጋው በወርቅ ይነገራል፣ ከዚያም የእማኞቹ ስም ይደረደራል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክረሚ ስለ ጎንደር ዘመን የመሬት ሥሪት ያወቀውን ብዙውን ነገር ያገኘው ከእነዚህ ኅዳጎች ነው። ያ ውል የሚጸናው እማኞቹ ቆመው ስላዩ፣ ስማቸውም በፈቃዳቸው ስለተጻፈ ነው። ገዢው ራሱ ብዕር አንሥቶ የማያውቁትን ሰዎች ስም በኅዳጉ ቢሞላ፣ ስሙ መቶም ቢሆን ለዳኛ ምን ያስረዳል?

ድረ ገጾች ላይ የሆነው ግን ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በየገጹ ግርጌ ጎብኚ ቆጣሪ ይለጠፍ እንደነበር የሚያስታውሱ አሉ፤ በየጊዜው የምታድግ ቁጥር ያላት ትንሽ ሳጥን። ሁሉም በነጻ ይወስዳታል። ከኮዱ ጋር አብራ የምትመጣውን ሊንክ ግን ማንም አያነብም። ሊንኳ አንዳንዴ በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም ትጻፋለች፤ አንዳንዴም ለዓይን በማትታይ ደቃቅ ፊደል ትገባለች። ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በጻፈው መመሪያ ውስጥ ለዚህ የሰጠው ምሳሌ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። አንድ መስመር «የዚህ ገጽ ጎብኚዎች፦ 1,472» ይላል። ከሥሩ ባለው መስመር «የመኪና መድን» የሚል ሊንክ አለ። በቃ ይኸው ነው። ስለ ግጥም በሚጽፍ ሰው ገጽ ላይ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚጽፍ ሰው ገጽ ላይ፣ ሰውየው ፈጽሞ የማያውቀው የመኪና መድን ሻጭ ምስክር አገኘ ማለት ነው።

ጉግል ይህን ለመዝጋት ዓመታት ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2005 ከያሁና ከኤምኤስኤን ጋር ሆኖ «ኖፎሎው» የምትባል ምልክት አወጣ፤ በሊንኩ ኮድ ውስጥ ስትገባ «ይህችን እንደ ምስክርነት አትቁጠሩብኝ» ማለት ናት። በመጀመሪያ የታሰበችው አስተያየት መስጫዎችን ላጥለቀለቀው የማስታወቂያ ጎርፍ ነበር። በኤፕሪል 24 ቀን 2012 ፔንግዊን የተባለው የስሌት ለውጥ መጣ። ጉግል እንደገለጸው በእንግሊዝኛ ከሚደረጉ ፍለጋዎች 3.1 በመቶ ያህሉን ነካ። በግዢና በዘዴ ሊንክ ያከማቹ ገጾች በአንድ ጊዜ ወደ ታች ወረዱ። በ2013 ክረምት የጉግል ፀረ ስፓም ክፍል ኃላፊ የነበረው ማት ከትስ ለሌላው የሚታደል ዊጀት ሊንኩ ኖፎሎው እንዲሆን በቪዲዮ መከረ። በሴፕቴምበር 2016 ደግሞ ጉግል ስለ ዊጀት ሊንኮች ብቻ የተጻፈ ማሳሰቢያ አወጣ።

ማሳሰቢያውን ስናነብ ባልደረባዬ ፊቱ ተለወጠ። ቅጣቱ ሲመጣ የሚመጣው ዊጀቱን በለጠፈው ላይ ብቻ አይደለም፤ ሊንኩ ወደሚጠቁመው ገጽም ነው። በሰው የሚሰጥ ቅጣት ከሆነ መልእክት ይደርሳል፦ ወደ ገጽህ የሚመጡ ሊንኮች ተፈጥሯዊ አይደሉም፣ አጽዳ፣ ከዚያ ዳግመኛ እንዲታይልህ አመልክት። አጽዳ የሚለው ነው መከራው። ሊንኩ ያለው በሌላ ሰው ገጽ ላይ ነው፤ መቶ ገጽ ላይ ከተለጠፈ መቶ ሰው በየኢሜይሉ መለመን ሊኖርብህ ነው። ግማሾቹ አይመልሱም። አንዳንዶቹ ድረ ገጹን የሠራላቸው ልጅ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሄዷል፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ የወጣው ሊንክን የመካጃ መሣሪያ ያግዛል፤ ነገር ግን ለማመልከቻው የሚጠበቀው ጥረት አድርገህ ማሳየትህ ነው። ይህን ሁሉ አንዲት ዐሥር ክፍል ያላት የቀሐ ፔንሲዮን እንድትሸከም ማድረግ አይገባም።

«እንተዋት እንግዲህ» አለ ልጁ።

እኔ ግን የመመሪያውን ዐረፍተ ነገር ደግሜ አነበብኩት። የሚከለክለው ዊጀትን አይደለም። የሚከለክለው በየገጹ በሚታደሉ ዊጀቶች ውስጥ የተከተቱ፣ በፍለጋ ቃላት የታጨቁ፣ ወይም የተደበቁ፣ ወይም ጥራት የጎደላቸው ሊንኮችን ነው። በ2016ቱ ማሳሰቢያ ያለው ምክንያት ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ግልጽ ነው፦ የገጹ ባለቤት ሊንኩን አስቦበት አላስቀመጠውም፣ ቃሉንም እሱ አልመረጠውም። ወንጀሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ባላለው ነገር መስክሯል ተብሏል።

ዩቲዩብን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር ትልቁ ጉልበቱ ማንም ሰው ቪዲዮውን ወስዶ በራሱ ገጽ መለጠፍ መቻሉ ነበር። ማይስፔስ ላይ የነበሩ ወጣቶች ገጾቻቸውን በዩቲዩብ ሳጥኖች ሞሉት፤ በዓመቱም ጉግል ራሱ በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። የሚለጠፍ ነገር መስጠት በራሱ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በፊት ጥፋተኛው እሱ ነበር። ሰው የሚለጥፈው ቪዲዮውን ፈልጎት ነው፤ ከሥሩ ተሸሽጎ የገባ የመድን ሻጭ የለም።

ከዚህ በኋላ ሥራው ወደ ዊጀቷ ተመለሰ። የመጀመሪያው ውሳኔ ሊንኳን የሚመለከት ነበር። በሳጥኗ ግርጌ የሠሪው ስም ብቻ ይጻፋል፣ «ምርጥ» የለ፣ «ሆቴል» የለ፣ «ርካሽ» የለ፤ ሊንኳም ኖፎሎው ትሆናለች። ኮዱን የሚወስደው ሰው ስሙን ማጥፋት ከፈለገ አንድ መስመር ይሰርዛል፤ የትኛውን መስመር እንደሚሰርዝም እዚያው ተጽፎለታል።

«ኖፎሎው ካልናትማ ምን ትሠራለች?» አለ ባልደረባዬ።

«ሰው ይጫናታል።»

ይህ መልስ ለእኔ እውነተኛ ነው። ሆቴሉ የሚፈልገው የጉግልን ነጥብ አይደለም፤ ጥር ላይ በሩን የሚያንኳኳ እንግዳ ነው። የጉዞ ገጽ ላይ ቀኑን አይቶ፣ ስሙን ተጭኖ ወደ ደንበኞቻችን የሚደርስ ሰው እንግዳ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ጉግል ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ ኖፎሎውን እንደ ፍንጭ እንደሚያየው እንጂ እንደ ፍጹም ግድግዳ እንደማይቆጥረው ተናግሯል። እኛ ግን በዚያ ላይ ተስፋ አልጣልንም፤ የማናዝበትን ነገር እቅድ ውስጥ ማስገባት ጥሩ አይደለም።

ሁለተኛው ውሳኔ ኮዱ ከየት ይምጣ የሚለው ነበር። የተለመደው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ አይፍሬም ነው፤ በሰው ገጽ ላይ መስኮት ከፍቶ የራስን ገጽ በዚያ ማሳየት። በመስኮቱ ውስጥ ያለ ሊንክ ባብዛኛው የሚቆጠረው ለራሱ ለመስኮቱ ገጽ ነው፤ ሊንክ አዳኞች «የተሠራው በእገሌ» የምትለዋን መስመር ከመስኮቱ ውጭ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። ሌላው መንገድ ስክሪፕት ነው፤ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ከሠሪው ሰርቨር ኮድ ይጠራል። ይህ ለባለቤቱ አደገኛ ነው። ዛሬ ንጹሕ የሆነ ስክሪፕት ነገ በሠሪው እጅ ተለውጦ፣ ባለ ገጹ ሳያውቅ የፈለገውን ሊንክ ሊያስገባ ይችላል። ባልተረዳኸው ሰው ስክሪፕት ላይ ገጽህን ማሳደር አይገባም፤ ይህን ለደንበኞቻችን ሁሉ እንናገራለን።

እኛ ሁለቱንም ተውን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል፤ የ2016 ጥምቀትም የዋለው በዚያ መሀል ነው። ከጎንደር የሚጠራ ኮድ ቢኖር ኖሮ፣ በየአገሩ ያለው ሳጥን ሁሉ ባዶ ሆኖ ይከርም ነበር። ስለዚህ ኮዱ ሙሉውን ይሰጣል፤ ከለጠፉት በኋላ ከማንም ምንም አይጠራም፤ ስሌቱን የሚሠራው የጎብኚው የራሱ ብራውዘር ነው። ኮዱ አጭር ነው፤ የሚያነብ ሰው ከላይ እስከ ታች ሊያነበው ይችላል።

የሚሰላው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው ሥራው የጣፈጠን። ዛሬ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን ካላንደር በውስጣቸው ይዘዋል፤ አንድን ቀን ከፈረንጅ ወደ እኛ መቀየር አያስቸግርም። የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ግን አያውቁም። የዘመነ ዮሐንስን ልደት አያውቁም፤ ፋሲካንማ ጨርሶ። ጥምቀትን ብቻ የምትቆጥር ሳጥን ደግሞ ጥር ካለፈ ማን ይፈልጋታል? ዓመቱን ሙሉ የምታገለግል እንድትሆን የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ማስገባት ነበረብን።

የ2018 ዓ.ም.ን ስሌት እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። በ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ 2 ማርቆስ ነው። 7518ና 1879 ተደምረው 9397፤ በ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ቆጠራው ከማክሰኞ ስለሚጀምር መስከረም 1 ሐሙስ ነው። 7518 በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ከሞሉ ስሌቱ ልክ ነው። መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም ላይ ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7፤ 18ና 7 ተደምረው መባጃ ሐመሩ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል፤ ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4። በፈረንጅ ኤፕሪል 12 ቀን 2026።

ይህን ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በቃላቸው ያወጡታል። እኛ ደግሞ ወደ ኮድ ስናወርደው አንድ ነገር አገኘን። ወደ ፊት ያሉትን ዓመታት አንድ በአንድ ስንፈትሽ 2025 ዓ.ም. ላይ ሳጥኗ የማይሆን ቀን አወጣች። 7525 በ19 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ አልቦ ነው። አልቦ በ19 ቢባዛ ያው አልቦ፤ ኮምፒውተሩ መጥቅዕን 0 ብሎ ያዘ፤ 0 ከ14 ስለሚያንስም በዓለ መጥቅዕን ወደ ጥቅምት ወሰደው። የባሕረ ሐሳብ መምህር ዘንድ ሄደን ስንጠይቅ መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ልጆቼ፣ ወንበር ሲታጣ አበቅቴ አልቦ ነው፤ መጥቅዕ 30 ነው።» አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ 30 መሙላት አለባቸውና። ያንን ስናስገባ መስከረም 30 እሑድ ሆነ፤ 30ና 7 ተደምረው 37፤ 30 ሲገደፍ 7፤ ነነዌ የካቲት 7፣ ፋሲካም ኤፕሪል 24 ቀን 2033 ላይ አረፈ። ከሌሎች የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ፋሲካ ጋር አስተያየነው፤ ልክ ነው።

ስሌቱን ለራሳችን ማስታወሻ እንዲሆን በአንድ ገጽ ላይ ጻፍነው፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ከነ ምሳሌው፣ ከነ 2025ቱ መጥቅዕ፣ ገና ለምን እንደማይገፋ ጥምቀት ለምን እንደሚገፋም ጨምረን። ገጹን ስንጽፍ ስለ ሊንክ አላሰብንም። ዊጀቷን ለሚወስድ ሰው ሳጥኗ የምትናገረውን ቀን በራሱ እንዲያረጋግጥ መንገድ መስጠት ነው የፈለግነው።

ሊንኮቹ የመጡት ወደዚያ ገጽ ነው። ከዊጀቷ አልመጡም፤ እነዚያ ኖፎሎው ናቸው፣ እንደ ምስክርነትም አንቆጥራቸውም። ጥምቀትን በጃንዋሪ 19 አውጥቶ የነበረ አንድ የጉዞ ጸሐፊ ቀኑን አርሞ «ምክንያቱ እዚህ ተብራርቷል» ብሎ ጠቆመ። የኮምፒውተር ትምህርት የሚያስተምር ሰው ለተማሪዎቹ የቀሪ ስሌት ልምምድ አድርጎ ሰጠው። እኛ ማንንም አልለመንም፤ ማንም የእኛን ቃል አልገለበጠም። ባልደረባዬ በጉግል የባለቤቶች ሰሌዳ ላይ የሊንኮቹን ዝርዝር ሲያይ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፣ እነዚህ የተለያየ ነገር ነው የሚሉት» አለኝ። ትክክል ነው። በሰው ፈቃድ የተጻፉ ሊንኮች የአንዱ አጻጻፍ ከሌላው አይመሳሰልም። አንዱ «የኢትዮጵያ ፋሲካ ስሌት» ይላል፤ አንዱ «ይህን ይመልከቱ» ብቻ ይላል፤ ሌላው አድራሻውን እንዳለ ይለጥፋል። በመቶ ገጽ ላይ «ምርጥ ሆቴል በጎንደር» ብሎ አንድ ዓይነት የሚደጋገም ነገር ለስሌቱ ቀርቶ ለሰው ዓይንም ያስታውቃል።

ከዚያ ወዲህ በድረ ገጾች ግርጌ የሚጻፈውን የሠሪ ስምም በዚሁ ዓይን ነው የማየው። በአገራችን ብዙ ድረ ገጾች ሥር «ይህን ገጽ የሠራው እገሌ» ይባላል፤ ሙያተኛ ስሙን ማስቀመጡ ደግ ነው። ነገር ግን በየደንበኛው ገጽ ግርጌ የሚደጋገም ሊንክ በዚያው መመሪያ ውስጥ ከዊጀቱ ጎን ተጠቅሷል። ስም ብቻ መጻፍ፣ ለደንበኛው አስቀድሞ መንገር፣ ኖፎሎው ማድረግ ይበቃል። ወጣት የድረ ገጽ ሠሪዎች ይህን አስቀድመው እንዲያውቁ እፈልጋለሁ፤ የአንድ ደንበኛ ገጽ ከጉግል ሲጠፋ ዳፋው የሚተርፈው ለሥራቸው ሁሉ ነውና።

ባለፈው ጾም ሰሞን ባሕር ማዶ ካለች አንዲት አጥቢያ ኢሜይል መጣልን። ሳጥኗን ለጥፈዋታል፤ ቁጥሩ ግን በግዕዝ አኃዝ ቢሆን፣ የአጽዋማቱም መግቢያ ቢጨመር ይላሉ። ልጆቻቸው እዚያ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ፲፩ን አይተው 11 ማለት እንዲለምዱ ነው የፈለጉት። ባልደረባዬ በዚያው ሳምንት ሠርቶ ላከላቸው። የአጽዋማቱን ዝርዝር መምህራችን ዘንድ ይዞ ሄዶ አስፈተሸ፤ የጾመ ሐዋርያት መግቢያ ፋሲካ ሲወጣ ሲወርድ አብሮ የሚወጣና የሚወርድ መሆኑን ጠይቆ ተረድቶ አስተካከለ። እነሱም በገጻቸው ላይ፣ ከሳጥኗ ራቅ ባለ ቦታ፣ ለምእመናኑ በጻፉት ማስታወቂያ መሀል «የጎንደሮቹ የበዓል መቁጠሪያ» ብለው ወደ ስሌቱ ገጽ ጠቆሙ። ያቺ ሊንክ ኖፎሎው የላትም፤ እንዲኖራትም አልጠየቅንም። የጻፏት እነሱ ናቸው። አሁን የሚጠብቁት የዓመቱ አጽዋማት በአንድ ወረቀት ታትመው የሚወጡበትን መንገድ ነው፤ ባልደረባዬ እሱን ጀምሮታል።